ድንኳን ያልተተከለለት

ሄደ እሱ። ቀረሁ እኔ።

ማን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እዚሁ ተቀምጫለሁና። እበላለሁና። ስጠራ ባልሰማም ትከሻዬን ሲነኩኝ ዞር እላለሁና። ታዲያ ማን ሞተ ይባላል?

እንኳን ማረህ አሉኝ። እንኳን እግዚአብሔር ማረህ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ጎረቤት አለኝ፣ ዘመድ አለኝ፣ ስሜን የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ እኔም። ከልቤ ነው ያልኩት። ከተመስገኑ ሥር ግን አንድ ሰው ያለቅሳል፤ ድምፁ አይወጣም፤ ቢወጣም እኔ አልሰማውም።

ናፈቀኝ ያ ሰው።

በሽሮ ሜዳ ዳገት የድር ጥቅል ተሸክሞ እያፏጨ የሚወጣው። ከእንጦጦ የሚወርደውን የጧት ብርድ ሸሚዙን ከፍቶ የሚቀበለው። ሲስቅ የጎረቤት ውሻ የሚያስጮኸው። ሌሊት ሲነቃ መተንፈሱን የማያስበው። ናፈቀኝ ያ ትንፋሹን ቆጥሮ የማያውቅ ሰው።

ሳል ነበር መጀመሪያ። ብርድ ነው አልን። የጥጥ ብናኝ ነው አልን፤ ሸማኔ ነኝና፣ ጥጥ ስተነፍስ የኖርኩ። ዝንጅብል ተቀቀለ፣ ጤና አዳም ተጨመረ፣ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ተዋጠ። ሌሊት ላቤ አንሶላውን ሲያርሰው ሚስቴ ሳትናገር ትለውጠዋለች፤ ሳልናገር እገላበጣለሁ። ሳንናገር ከረምን። ከዚያ ደም መጣ።

ክኒኑን ጀመርኩ፣ ወራቱን ቆጠርኩ፣ አልሻል አለኝ። አክታዬን እንደገና ወሰዱት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው አሉኝ። እኔ ያልለመድኩትን መድኃኒት በሽታዬ ለመደው።

አስተኙኝ። በብርዱ ወራት መስኮቱ የማይዘጋ ክፍል ውስጥ አስተኙኝ፤ ነፋስ እንዲገባ፣ የእኔ እስትንፋስ እንዲወጣ። አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጡ፤ ዓይን ብቻ የሆኑ ሰዎች። ዓይናቸው ደግ ነበር። የማንንም ፈገግታ ሳላይ ከረምኩ እንጂ።

ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር ትቆማለች ሚስቴ። ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ሰጥታ፣ ልጃችንን ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች። በመስኮት አየኋት ልጄን። ጥርስ ስታወጣ በመስኮት። ስትቆም በመስኮት። ድክ ድክ ስትል፣ ስትወድቅ፣ አፏን ከፍታ ስታለቅስ በመስኮት። ልቅሶዋ አልተሰማኝም። ርቀቱ ነው አልኩ ያኔ።

ርቀቱ አልነበረም።

ካናማይሲን ይባላል መርፌው። በዚያ ዘመን በየቀኑ ይወጉታል ታማሚውን፤ ስምንት ወር ያህል ይወጉታል፤ ክኒኑ ደግሞ ሃያ ወርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከወገብ በታች ነው የሚወጉት። ሸማኔ ከምኑ ላይ ይወጋል? ከሚቀመጥበት ላይ።

ሳይክሎሰሪን የሚባልም ነበረ ከክኒኖቹ መሐል። ሳንባ ሊያድን ገብቶ ሕልም ውስጥ የሚዞር። ሞቼ አየሁ በሕልሜ፤ ቀባሪ የለኝም። ድኜ አየሁ በሕልሜ፤ የሚያውቀኝ የለም። ነቃሁና የትኛው እንደከፋኝ መለየት አቃተኝ።

ጭው አለ ጆሮዬ አንድ ማለዳ። ጭውታው አልቆመም። ዛሬም ይኸው አለ፤ ከሁሉም ድምፅ የቀረኝ ታማኝ እሱ ነው።

ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው። የወፍ ሄደ። የስልክ ጥሪ ሄደ። ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር የሚያወራው ሄደ። የጸናጽሉ ሄደ፤ ከበሮው ቀረ። የማሲንቆው ሄደ፤ የጭፈራው እግር ቀረ። የሴት ሄደ። የሕፃን ሄደ። የወንድ ድምፅ እየተንገዳገደ ጥቂት ቆየ፤ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ሆኖ ቆየ፤ አሁን አሁን እሱም ቃል የለውም፣ ጉምጉምታ ብቻ ነው።

ነጎድጓድ ቀረልኝ። ነጎድጓድ ምን ይነግረኛል?

ጆሮ ውስጥ ጠጉር አለ አሉኝ፤ ለዓይን የማይታይ፣ ድምፅ ሲመጣ የሚወዛወዝ፣ ተወዛውዞም ለአንጎል የሚያቀብል። መርፌው የነካው እሱን ነው። ሐዘንተኛ ጠጉሩን ይላጫል፤ አርባው ሳይወጣ ይበቅልለታል። የጆሮ ጠጉር አይበቅልም። አንዴ ከሄደ ሄደ።

ከሳንባህና ከጆሮህ ምረጥ ያለኝ የለም። ቢሉኝም የምመርጠው ያው ነው። መምረጤን ግን ማን ይሰጠኛል? መምረጥ እንኳ ናፈቀኝ።

አገሬ ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን መስጠት የጀመረችው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የታመሙት ብዙዎቹ ክኒኑን ሳያዩ አለፉ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መርፌውን ከሚመከሩት ውስጥ አወጣው፤ በክኒን ብቻ መዳን ተቻለ። ከእኔ በፊት የታመሙት ሳይድኑ ሄዱ። ከእኔ በኋላ የታመሙት ጆሯቸውን ይዘው ዳኑ። መሐል ላይ ወደቅሁ እኔ።

አልቀናሁም ብል ማን ያምነኛል? በማን እንደምቀና ግን አላውቅም። በዳኑት ነው? ባለፉት ነው? እንደ ቀኑ ይለያያል።

ወንድ አይደለህ፣ ቻለው አሉኝ።

ቻልኩት። መርፌውን ቻልኩት፣ ትውከቱን ቻልኩት፣ ክፍት መስኮቱን ቻልኩት። ከጎኔ ያለው አልጋ አንሶላው ተጠቅልሎ ባዶ ሲያድር ቻልኩት። በማግስቱ ሌላ ሰው ሲተኛበት፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ ብዬ ቻልኩት። ወንድ ልጅ የሚችለውን ሁሉ ቻልኩት።

ከዚያ ድነሃል የሚል ወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተም ያለው። ወረቀቱን ተቀብዬ ዳገቱን ወጣሁ። ሦስት ቦታ ቆሜ አረፍኩ። ያ ሰው አርፎ አያውቅም ነበር በዚያ ዳገት።

ናፈቀኝ ያ የማያርፈው።

ሲኒዬ ለብቻ ነበር ስታመም፤ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው። ለብቻው ይታጠብ ነበር፣ ለብቻው ይደፋ ነበር። ከዳንኩ በኋላ ሚስቴ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው። ቡና ሲፈላ ግን እጄ ከስድስቱ መሐል እሱን ፈልጎ ያነሳል። እንግዳ ቀድሞ ካነሳው ልቤ ይደነግጣል። ከእንግዳው እጅ ልቀማው ይዳዳኛል። ወረቀቱ ለሐኪሙ ነው የተጻፈው፤ ለእጄ ማን ይጻፍለት?

ታክሲ ውስጥ ሳል ሲመጣብኝ እውጠዋለሁ። አልጋባም፤ ድኛለሁ፤ ወረቀቱ ኪሴ ነው። ወረቀት ግን አይሰማም፣ የሚሰማው ሳል ነው። ሳሌ ምን ያህል እንደሚጮህ እንኳ በወጉ አላውቅም፤ ከሰዎቹ አንገት ነው የማነበው። ከፊት ያለው አንገት ሲዞር ጮኸ ማለት ነው። መስኮት ሲከፈት በጣም ጮኸ ማለት ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ስትስብ፣ ወራጅ አለ እላለሁ። ሳልደርስ እወርዳለሁ።

በእግሬ የቀረውን እሄዳለሁ። የቀረው ሁልጊዜ ዳገት ነው።

ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ እንዲህ ነው ሥራችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው። እሷ ትፈትል ነበር፣ እኔ እደርስባት ነበር። ቶሎ በይ፣ ድር አለቀብኝ እላት ነበር፤ እንደ ጌታ፣ እንደ ቀልደኛ። አሁን ልቃቂቱ በመሶብ ተቆልሏል። ፈትላ ፈትላ ተቆልሏል። አልደርስባትም። ቶሎ በል አትለኝም እሷ። ቢያንስ ቶሎ በል ብትለኝ።

እንጀራ ትጋግራለች ለምግብ ቤት። ጭሱ ለሳንባዬ እንዳይደርስ ምጣዱን ከጓሮ አውጥታዋለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ዣንጥላ ይዛ ትጋግራለች። ከውስጥ ሆኜ አያታለሁ። ጋቢ ለብሼ አያታለሁ። እኔ የሸመንኩትን ጋቢ፣ ያ ሰው የሸመነውን፤ አራት እጥፍ፣ ጥለቱ የማያልቅበት። የሱን ጋቢ ለብሼ የሱን ሚስት አያለሁ።

ኪሴ ውስጥ ብር አገኛለሁ፣ ያላስቀመጥኩት። ሰው ፊት ለቡና የምከፍለው እንዳላጣ፣ ልብሴን ስታጥብ ታስገባዋለች። አይታኝ አታውቅም ሳገኘው፤ አይቻት አላውቅም ስታስገባው። ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ኪሴ እገባለሁ፣ ተዉት እኔ ልክፈል እላለሁ፤ ያንን ብር አወጣለሁ። እጄ አይንቀጠቀጥም። እጄ መዋሸት ለመደ።

ከሌሊት የከፋ ግን የለም። ሌሊት ነው እውነተኛው መጉደል።

ድሮ አምፖሉ ሲጠፋ ነበር የምናወራው። ቀን ምን እንነጋገራለን? የዘይት ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የዘመድ ሠርግ። ሌሊት ግን አፏን ትከሻዬ ላይ አስጠግታ፣ ለእናቷ ያልነገረችውን፣ ለንስሐ አባቷ ያልነገረችውን ትነግረኝ ነበር። የምትፈራውን። የምትመኘውን። እኔንም ትጠራኝ ነበር። ዓለሜ ትለኝ ነበር። በቀን ብላኝ አታውቅም፤ የጨለማ ስሜ ነበር።

ናፈቀኝ የጨለማ ስሜ።

አሁን በጨለማ እስትንፋሷ ትከሻዬ ላይ ያርፋል። ሙቀቱ ይደርሰኛል፣ ቃሉ አይደርሰኝም። እየተናገረች መሆኑን አውቃለሁ፤ አንገቷ ሥር ጣቴን ሳሳርፍ ይርገበገባል። ሲርገበገብ ጥያቄ ይሁን፣ እሮሮ ይሁን፣ ስሜ ይሁን አላውቅም። ለማወቅ መብራት ማብራት አለብኝ። መብራት ሲበራ ደግሞ ዝም ትላለች። በብርሃን የማይባል ነገር አለ።

አበራሁ አንዴ። ምን አልሽ? አልኳት። ምንም፣ ተኛ አለች። ከንፈሯን አየሁት። ምንም።

ስንቱ ምንም አለፈኝ።

ጮኻ ብትናገር ጉምጉምታው ሊደርሰኝ ይችል ይሆናል። ግን እንዲህ ያለው ነገር ተጮኾ ይነገራል? ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት አለ፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከዚህ ሰፈር ሁሉ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው ነው። ሳቅኩ ይህን ስጽፍ። ያ ሰው ቢሆን በዚህ ይስቅ ነበርና።

እናም ልጄ። ልጄን በድምፅ አላውቃትም።

ስገባ ገና አልተናገረችም ነበር። ስወጣ ታወራለች፤ ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ ለድመቷ ታወራለች፣ ለልቃቂቱ ታወራለች፣ ለእኔም ታወራለች። ወንድሜ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ የእማማን ድምፅ ነው የያዘችው፣ ቁርጥ የእማማን ብሎ።

የእናቴን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከመርፌው በፊት ያለፈች ናት እናቴ፤ ድምፅዋን ሙሉውን ይዤዋለሁ፣ ሳይጎድል። እናም ልጄ አፏን ስትከፍት እናቴን አስታውሳለሁ። የእናቴን ድምፅ አምጥቼ በልጄ ከንፈር ላይ አስቀምጣለሁ። የሞተችው በሕያዋ አፍ ታወራልኛለች። ስለ ድመቷ ታወራልኛለች እናቴ። ዳቦ ስጠኝ ትለኛለች። አስተኛኝ ትለኛለች።

ከንፈር ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ችግር አስተማረኝ። ችግር ያላስተማረኝ አንድ ነገር አለ። ባ እና ማ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ከንፈር ይገጥማል፣ ይከፈታል፤ ያው ነው። ልጄ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትጣራ፣ አባዬ ትበል፣ እማዬ ትበል፣ አልለይም።

እኔን ነው? እሷን ነው?

ተቀምጬ አያታለሁ። ከወገቤ ከፍ እላለሁ፣ ግማሽ እነሳለሁ፣ እጠብቃለሁ። ሚስቴ ከሄደች እሷን ነበር። ሚስቴ ካልሄደች እኔን ነበር። ይህን እስካውቅ ልጄ ሁለቴ ትጣራለች፣ ሦስቴ ትጣራለች፤ ፊቷ ይቀየራል፤ ትተወዋለች። ልጅ ነገር ቶሎ ይለምዳል። አባት ሲጠራ የማይመጣ ነገር ነው ብላ ትለምዳለች።

ያ ሰው ቢሆን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ በሮ ይደርስ ነበር።

ናፈቀኝ ያ በራሪው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። አፍና አፍንጫ ተሸፈነ፣ የአገሩ ሁሉ። ትናንት ከእኔ የሸሹት እርስ በርሳቸው ተሸሻሹ። ሲያስሉ አንገታቸውን የሚደፉ ባለ መኪናዎች አየሁ፤ እጅ ለመጨበጥ የሚፈሩ ትልልቅ ሰዎች አየሁ። ክፉ አትበሉኝ እንጂ ለጥቂት ቀናት ብቸኝነቴ ቀለለኝ።

ከዚያ ገባኝ። ከንፈር ጠፋ።

ባለ ሱቁ ከጨርቅ ጀርባ ተናገረ። ገበያተኛው ከጨርቅ ጀርባ ተናገረ። የልጄ መምህርት ከጨርቅ ጀርባ፣ ስለ ልጄ፣ ረጅም ነገር ተናገረች። አንገቴን ነቀነቅሁ። እሺ አልኩ። ምን እሺ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ዳግመኛ ዓይን ብቻ በሆኑ ሰዎች መሐል፤ አሁን ግን አልጋ የለኝም፣ ታማሚ አይደለሁም፣ የዳንኩ ነኝ።

ወደ ሸማው ተመለስኩ እንደ ምንም። ጉድጓዱ አለ፣ ተቀምጠን እግራችንን የምንከትበት፤ ከወገብ በታች መሬት ውስጥ፣ ከወገብ በላይ ብርሃን ውስጥ። በፊት ጉድጓድ መሆኑን አስቤው አላውቅም። አሁን ጧት ጧት እግሬን ስሰድ፣ ግማሼ ሲወርድ፣ አወቅሁት ቦታውን።

መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ድር ሲበጠስ ድሮ ጆሮዬ ነበር የሚነግረኝ፤ ጢቅ የምትል ትንሽ ነገር፣ ከወሬም መሐል፣ ከዘፈንም መሐል የማትጠፋኝ። አሁን ተበጥሶ ጥቂት እሄድበታለሁ። ከዚያ ጣቴ ያገኘዋል። እፈታለሁ። መልሼ እሸምናለሁ። እግሬ ግን መስማት ጀመረ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ይህን በራሴ አገኘሁት። መርገጫው ሲጫን ጭኔ ውስጥ የሚሄድ ምት አለ። በውስጤ ይቆጥራል። ጥለት ስጥል በእሱ እጥላለሁ። ጥለቴ ተለወጠ አሉኝ ነጋዴዎቹ፤ ከበደ አሉኝ። እኔ ነኝ የከበድኩት አላልኳቸውም። ዋጋ ይቀንሱብኝ ነበራ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሸምናለን፣ ወንዶቹ። ይጫወታሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ይመልሳል፣ ይስቃሉ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ አያለሁ፣ እስቃለሁ። ሁልጊዜ የምስቀው መጨረሻ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉም ዝም ብለው እኔ ብቻዬን ስስቅ ተያየን። የሚሳቅ አልነበረም፤ የሞተ ሰው ነበር የሚወራው።

ይቅር ብለውኛል። ይቅርታቸው ነው የሚከብደኝ። ያ ሰው ይቅር የሚባል ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ቀልደኛ ነበር።

ቡሄ ሲደርስ ልጆች ይመጣሉ ደጃፌ። ዱላቸው መሬቱን ሲመታው በእግሬ ይገባል፣ በጉልበቴ ይወጣል። ዱላው ይደርሰኛል፣ ልጆቹ አይደርሱኝም። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዘፈኑ የት ላይ እንደሚያልቅ ስለማላውቅ ሙልሙሉን ከመሐል ላይ እሰጣቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። ቶሎ የሚሰጥ ሰውዬ እባላለሁ መሰለኝ በሰፈሩ።

ጥር 11 ጃንሜዳ እሄዳለሁ። ጎልማሶቹ ሆ ብለው ሲዘሉ ዳር እቆማለሁ። ከበሮው ሆዴ ውስጥ ይመታል። እዚያ መሐል ነበር እሱ፤ ላቡ እየጠፈጠፈ፣ ድምፁ ሲዘጋ በፉጨት እየቀጠለ፣ ሦስት ሰው ትከሻ ላይ። ዓይኔ ይፈልገዋል። ከጎልማሶቹ ውስጥ ጀርባው የሚመስለውን አንዱን መርጬ እስኪመሽ እከተላለሁ።

ወንድ ፉከራ አለው፣ ቀረርቶ አለው፣ ገዳይ ሲሆን። አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋ ነበር። ዝሆን የገደለ ጆሮው ላይ ሎቲ ያደርግ ነበር።

ገዳይ ነኝ እኮ እኔም። እ.ኤ.አ. በ1882 ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው ያገኘው እኔ የገደልኩትን፤ ዘንግ መሳይ፣ ለዓይን የማይታይ፣ ስንቱን ጀግና ያለ ጦር የጣለ። መድኃኒት የማይገድለው ሆኖ መጣብኝ፤ ገደልኩት። ሎቲ ይገባኝ ነበር። ጆሮዬን ሰጠሁ እንጂ።

ማን ይፎክርልኝ? ማን ያቅራራልኝ? ቢያቅራራስ ማን ሊሰማ?

ማንጎራጎር ነው የቀረኝ። አጥንቴ ውስጥ ነው የምሰማው፣ መንጋጋዬ ላይ፣ ጥርሴ ላይ። ዜማው ይስተካከል አይስተካከል አላውቅም። ድመቷ አትሸሽም። ለዚህ ቤት ይበቃል።

ለቅሶ ቤት መሄድ አበዛሁ። ጡሩምባው ሲነፋ አልሰማም፤ ሚስቴ ትነካኛለች፣ ማን እንደሆነ በከንፈሯ ትነግረኛለች፣ እነሳለሁ። ወንድ የሚያለቅስበት አንድ ቦታ ነው ያለው፤ የሰው ድንኳን። እዚያ ስቅስቅ ብዬ ባለቅስ ማንም አይገረምም። አንጀቱ እንዴት ሩኅሩኅ ነው ይላሉ። በቅርቡ የማላውቃቸው አሮጊት አርፈው ሄድኩ፤ ከሰፈሩ ጥግ፣ ሰላምታ እንኳ ያልነበረን። ደረቴን ይዤ አለቀስኩ። የልጅ ልጆቻቸው መጥተው አጽናኑኝ። ውሃ ሰጡኝ። አይዞህ አሉኝ፣ ዕድሜ ጠግበዋል አሉኝ።

እሱ ግን ዕድሜ አልጠገበም። በእሳቸው ድንኳን እሱን አለቀስኩት።

ለእሱ ድንኳን አልተተከለም። ንፍሮ አልተቀቀለለትም። ፍራሽ አልተነጠፈም፣ ሠልስቱ አልወጣም፣ አርባው አልወጣም፣ ተዝካሩ አልተበላም። ሙሾ አውራጅ ደጉን፣ ቁመቱን፣ ሳቁን አልቆጠረችለትም። ሚስቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ መብቷ ነበር። ባሏ ሄዶባታል። የሚመስለው ሰው መጥቶ አልጋው ላይ ተኛ፣ እሷም እንኳን ማረህ አለችው፤ አፏን ሞልታ አለችው፣ ወደደችውም። ያኛውን የት ሄዳ ታልቅሰው?

በጓሮ ይሆን፣ በምጣዱ አጠገብ? ጭሱ ነው ትለኛለች ዓይኗን ሳየው።

እሁድ የእድር ስብሰባ አለ። እሄዳለሁ። እንደ ወትሮው ከኋላ አልቀመጥም፤ ከፊት እቀመጣለሁ፣ የዳኛችን ከንፈር ከሚታይበት። የምጠይቀው አለኝ። ድንኳኑን ለአንድ ቀን፤ ዝናብ የሚያፈሰው አሮጌው ቢሆንም ግድ የለኝም። አግዳሚውን፣ ትልቁን ድስት፣ ካሉ ብርጭቆዎቹን። ለማን ነው ይሉኛል። ማን አረፈ ይሉኛል። ይተያያሉ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ መዝገቡ ላይ የሟች ስም ካልተጻፈ አይሆንም የሚል ከሆነ፣ የእኔን ይጻፍ። ከአባላቱ ዝርዝር ግን እንዳይሰርዘኝ፤ ወርኃዊውን እከፍላለሁ። የዚህ ወር ይኸው።